ልቦለዱ የሚዘልለው ገጽ

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የምንገዛው ለሩጫው ነው። ገጽ 1 ላይ ፈንጂ ይፈነዳል። ገጽ 20 ላይ መርማሪው ከአለቃው ጋር ይጣላና መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ይወጣል። ገጽ 100 ላይ ኢስታንቡል ነው። ገጽ 150 ላይ ዙሪክ ገብቷል። ቪዛውን ማን መታለት? የትኛው ኤምባሲ በር ላይ ተሰለፈ? ለሸንገን ቪዛ ቀጠሮ ወራት የጠበቀ አንባቢ እንኳ እዚህ ላይ ጥያቄ አያነሳም። ታሪኩ ይዞታላ። መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ደም፣ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ክህደት ተጠቅልሎ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ጋ ያደርሰናል። ሰውየው ፈገግ ይላል። ሁሉንም ያቀደው እሱ ነው።

እኔ ይህን ዓይነት መጽሐፍ እወዳለሁ። አስፋልት ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ ያለበትን ካየሁ እጄ አያርፍም። ጠቤ ከመጽሐፉ ጋር አይደለም። ዜናውንም እንደ መጽሐፉ ማንበብ ከጀመርን ሰነባበትን። የሆነ ቦታ ፍንዳታ ይሰማል። አቧራው ሳይሰክን አንድ ዩቲዩበር ካርታ ዘርግቶ፣ ቀይ ቀስት አስምሮ «ከጀርባው ያለውን እጅ» ያሳየናል። ካይሮ፣ ካርቱም፣ ዋሽንግተን፣ የባሕረ ሰላጤው ገንዘብ፣ ሁሉም በ20 ደቂቃ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይይዛል። አንድም ትርፍ ነገር አይተርፍም።

ሴራ የለም ልላችሁ አይደለም። አለ እንጂ! እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቦሌ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ የተተኮሰ ዓለም አቀፍ ሴራ አለን። ዛሬ 30 ዓመት አልፎታል። ወጣቱ ብዙም አያውቀውም፤ የሚያውቀውም ተኩሱን እንጂ ምርመራውን አያስታውስም። ለእኔ ደግሞ ቁምነገሩ ያለው ምርመራው ላይ ነው።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ሰኞ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመሪዎች ጉባኤ የሚከፈትበት ቀን ነው። የግብፁ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ቦሌ አረፉ። አጀባቸው ወደ ከተማው ጉዞ ጀመረ። ብዙም ሳይርቅ አንድ መኪና መንገዱን ዘጋው። ተኩስ ተከፈተ። ሙባረክ የተቀመጡበት መርሴዲስ ጥይት የማይበሳው ነበር፤ ከካይሮ በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ ነው። «ይህ መኪና ካልሄደ አይሆንም» ብለው የወተወቱት የስለላ ሹማቸው ዑመር ሱሌይማን እንደነበሩ ተደጋግሞ ተጽፏል። መኪናው እዚያው ዞረና ወደ አየር ማረፊያው ተመለሰ። ሙባረክ የጉባኤውን አዳራሽ ሳያዩ ካይሮ ገቡ። ሁለት ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ሞቱ። ከአጥቂዎቹም ሁለቱ እዚያው ወደቁ።

ይህ ገጽ 1 ነው። እስከዚህ ድረስ ልቦለዱና እውነቱ ጎን ለጎን ይሮጣሉ።

የሚለያዩት በማግስቱ ነው። ሙባረክ ጣታቸውን ሱዳን ላይ ለመቀሰር ጊዜ አልፈጀባቸውም። ወዲያው ሐላይብ ላይ፣ ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡበት መሬት፣ ነገሩ ጋለ። አዲስ አበባ ግን ማንንም በስም ሳትጠራ ቆየች። ምርመራው ገና ነበር፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላም አለ። ሱዳን ባዕድ አልነበረችም። ለኢሕአዴግ በትጥቅ ትግሉ ዘመን የኋላ ደጁ ሱዳን ነበረች። ሥልጣን ከያዘ በኋላም ከበሽር መንግሥት ጋር ወዳጅ ነበር። ስለዚህ መርማሪዎቹ ፊት የተደቀነው ጥያቄ ልቦለድ ውስጥ ብዙ የማይገኝ ዓይነት ነው። ዱካው ወደ ጠላት ሳይሆን ወደ ወዳጅ ቤት ቢመራስ?

መራ።

ዱካው ራሱ ሲታይ ግን የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የተከራየ ቤት። ፓስፖርት። የአውሮፕላን ትኬት። አጥቂዎቹ ግብፃውያን ናቸው፤ ጀማዓ አል-ኢስላሚያ የተባለው የግብፅ እስላማዊ ታጣቂ ቡድን አባላት። ቀደም ብለው አዲስ አበባ ገብተው እንደማንኛውም ሰው ሲኖሩ ነበር። አንደኛው እዚሁ ትዳር እንደመሠረተም ተጽፏል። ከቀናት በኋላ የጸጥታ ኃይሎች የተደበቁበት ቤት ላይ ደረሱ። እዚያም ተኩስ ነበር፤ እዚያም ሰው ሞተ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ባቀረበው ሒሳብ የገዳይ ቡድኑ አባላት 11 ናቸው። አምስቱ ሞቱ፣ ሦስቱ ተያዙ፣ ሦስቱ አመለጡ። ያመለጡት ሱዳን ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ የወጣው በሱዳን አየር መንገድ ነው፤ የያዙት ሰነድም ሱዳን የተዘጋጀ ነው ተባለ። ካርቱም «እኔ የለሁበትም፣ ሰዎቹም እኔ ዘንድ የሉም» አለች። እስከ መጨረሻውም ከዚህ አልወረደችም።

ምርመራ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነገር ነው። አከራይ ታነጋግራለህ። የመግቢያ ማህተም ላይ ያለውን ቀን ከትኬቱ ቀን ጋር ታስተያያለህ። የተሳፋሪ ዝርዝር ላይ አንድ ስም ትፈልጋለህ፤ ስሙ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ታገኘዋለህ። የተያዘው ሰው የተናገረውን ሌላው ከተናገረው ጋር ታጋጥማለህ። አይጋጠምም። እንደገና ትጀምራለህ። ይህን ገጽ የሚጽፍ ልቦለድ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ቢጽፈውም አንባቢ ገልብጦት ያልፋል። እኔም ሳልገለብጠው አልቀርም፣ ልዋሽ አልፈልግም።

ኢትዮጵያ ወደ ሁለት ወር ገደማ ቆይታ ሱዳንን በይፋ ከሰሰች። የሱዳን አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ እንዳይበር ተከለከለ፤ ጋምቤላ የነበረው የሱዳን ቆንስላ ተዘጋ። ከዚያ ፋይሉ ጉዞ ጀመረ። መጀመሪያ ወደ አፍሪካ አንድነት ድርጅት ሄደ። ድርጅቱ ጳጉሜ 6 ቀን 1987 ዓ.ም. ሱዳን ሦስቱን ተጠርጣሪዎች እንድትሰጥ ጠየቀ፤ በታኅሣሥ ደገመው። ቀጥሎ ኒውዮርክ። ጥር 22 ቀን 1988 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1044ን በሙሉ ድምፅ አሳለፈ።

እዚህ ውሳኔ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አንድ መስመር አለ። ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን አሳልፋ ትስጥ ይላል፤ በምን መሠረት? ኢትዮጵያና ሱዳን በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተፈራረሙት ወንጀለኛ የመለዋወጥ ውል። በጃንሆይ ዘመን ማለት ነው! ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ካርቱምም ስንት መፈንቅለ መንግሥት አይታለች። ውሉ ግን አንድ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር። አንድ ሰው፣ ስሙን የማናውቀው የውጭ ጉዳይ ባለሙያ ይሆናል፣ አቧራውን አራግፎ አወጣው። የልቦለዱ ጀግና ሽጉጥ ይመዛል። የእውነቱ ሰው ከመዝገብ ቤት ወረቀት ይመዛል።

ሱዳን እምቢ ስትል ሚያዝያ 18 ቀን 1988 ዓ.ም. ውሳኔ 1054 መጣ፤ የሱዳን ኤምባሲዎች ሠራተኛ ይቀነስ፣ የባለሥልጣናቷ ጉዞ ይገደብ አለ። ነሐሴ ላይ ደግሞ 1070 ተጨመረ። ይኼኛው የሱዳን አውሮፕላኖችን ከሰማይ የሚያግድ ነበር። ግን ሕዝቡን ይጎዳል በሚል ስጋት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። መሐል ላይ፣ ግንቦት 1988 ዓ.ም.፣ ካርቱም ጫናው ሲበዛባት ስታስተናግደው የነበረ አንድ ሀብታም የሳዑዲ ተወላጅ ሸኘች። ኡሳማ ቢን ላደን ይባላል። ወደ አፍጋኒስታን ሄደ። ድል ነበር ወይስ ስህተት? የደኅንነት ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። አንድ መንግሥት ላይ ጫና ሲደረግ የሚወጣው ሰው የት እንደሚሄድም ማሰብ ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ግን ይህን ዛሬ ላይ ተቀምጦ ማለት ቀላል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ናይሮቢና ዳሬሰላም ተራቸው ደረሰ።

ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ፈንጂ የጫኑ ሁለት የጭነት መኪናዎች በደቂቃዎች ልዩነት ሁለቱ የአሜሪካ ኤምባሲዎች ደጃፍ ፈነዱ። 224 ሰው ሞተ፤ 213ቱ ናይሮቢ። ከሟቾቹ አሜሪካውያን 12 ብቻ ናቸው። የቀሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ለሥራ፣ ለጉዳይ፣ ለአውቶቡስ ከቤታቸው የወጡ አፍሪካውያን ነበሩ።

ይህን ሴራ የፈታው ምን ነበር መሰላችሁ? የዚያኑ ዕለት ካራቺ አየር ማረፊያ አንድ ሰው ተያዘ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፎቶ እሱን አይመስልም፤ በቃ። ናይሮቢ ደግሞ ከፈንጂው ጋር መሞት የነበረበት ሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ ሮጦ አመለጠ። ቆስሎ ሆስፒታል ሄደ። ኪሱ ውስጥ የነበሩትን ጥይቶችና የጭነት መኪናውን ቁልፍ እዚያው ሆስፒታል ደብቆ ወጣ። ያገኛቸው የጽዳት ሠራተኛ ነው። ልቦለድ ውስጥ ይህን ሰው ታገኙታላችሁ? ቢገኝ እንኳ ገጽ 40 ላይ ይገደላል።

መሬት ላይ ምርመራው እንዲህ ቁልፍና ፎቶ እየለቀመ እያለ ዋሽንግተን ውስጥ ሌላ ሩጫ ነበር። ፍንዳታው በደረሰ በ13ኛው ቀን፣ ነሐሴ 14፣ የአሜሪካ ክሩዝ ሚሳኤሎች አፍጋኒስታን ያሉ የቢን ላደን የሥልጠና ካምፖችንና ካርቱም ሰሜን የነበረውን አል-ሺፋ የተባለ የመድኃኒት ፋብሪካ መቱ። ፋብሪካው ለኬሚካል መሣሪያ የሚሆን ነገር ያመርታል ተባለ። ማስረጃው? በምስጢር ተቆፍሮ የወጣ አፈር። ላቦራቶሪ ውስጥ ቪኤክስ ለሚባለው የነርቭ መርዝ ግብዓት የሚሆን ኬሚካል ተገኘበት ተብሎ ነበር። ይህ ከልቦለድ ተቀድቶ የመጣ ነው የሚመስለው። ሌሊት ሰርጎ የገባ ሰላይ፣ እፍኝ አፈር፣ አንድ ኬሚካል፣ ከዚያ ሚሳኤል። ሁሉም ገጠመ።

ቆይቶ ሲታይ ግን አልገጠመም። የተወሰደው አንድ ናሙና ነው። ፋብሪካውን ያውቁ የነበሩ የውጭ መሐንዲሶች መድኃኒት እንጂ ሌላ ነገር አላየንም አሉ። ባለቤቱ አሜሪካ ውስጥ የታገደበትን ገንዘብ ለማስለቀቅ ፍርድ ቤት ሲሄድ መንግሥቱ ማስረጃውን ይዞ ከመሟገት ገንዘቡን መልቀቅ መረጠ። ከሱዳን ትላልቅ የመድኃኒት ፋብሪካዎች አንዱ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። የሌሊት ጥበቃውም ሞተ። አዲስ አበባ የጀመረችው ፋይል ውሳኔ እስኪሆን ሰባት ወር ፈጀ፤ ይኼኛው 13 ቀን። ፍጥነት መጽሐፍ ላይ ሲሆን ያምራል።

የሚገርመው፣ ዘገምተኛው ምርመራ በዚያው ሰሞን ወርቅ አግኝቶ ነበር። ያ ከናይሮቢው ፈንጂ ሮጦ ያመለጠው ሰው ተይዞ አንድ የስልክ ቁጥር ተናገረ። የመን፣ ሰንዓ ያለ ቤት ነው። የአልቃይዳ ሰዎች መልእክት የሚቀባበሉበት ቁጥር ሆኖ ተገኘ። የቤቱ ባለቤት አማች ኻሊድ አል-ሚህዳር ይባላል። በ2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኩዋላ ላምፑር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲሰበሰብ ሲአይኤ ተከታትሎታል። የአሜሪካ ቪዛ እንዳለውም አውቋል። ስሙ ግን ወደ አገር እንዳይገቡ ከሚጠበቁ ሰዎች መዝገብ ላይ የተጻፈው በነሐሴ 2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ እሱ አሜሪካ ከገባ በኋላ። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር፣ ፔንታጎን ላይ የወደቀው አውሮፕላን ውስጥ ነበር።

ልቦለድ ቢሆን ኖሮ ሲአይኤ ውስጥ አንድ ከሃዲ ይኖራል። ሆን ብሎ ፋይሉን የሚደብቅ። ብዙ ሰውም እስካሁን እንደዚያ ያምናል፤ «እያወቁ ለቀቁት» ይላል። በይፋ የተካሄደው ምርመራ ያገኘው ግን ከዚህ የከፋ ነው። መረጃው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ጠረጴዛ አልተሻገረም። አንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው አልነገረም። «ፋይሉ እዚህ አይደለም፣ ሌላ ቢሮ ይጠይቁ» የሚለውን ነገር እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ግን ይህ ለልቦለድ አይሆንም። በመዝገብ ቤት አሠራር ላይ ማን ይተኩሳል?

እኔ አሁን አሁን ስለ ሴራ ሲወራ ስሰማ የምፈልገው ስንጥቁን ነው። የእውነት ሴራ ስንጥቅ አለው። ቦሌ ላይ ሮኬት ማስወንጨፊያቸው እንዳልሠራ ተጽፏል። ናይሮቢ ላይ መሞት የነበረበት ሰው ፈርቶ ሮጧል። ሴረኞች ይረሳሉ፣ ይጣላሉ፣ ገንዘብ ያጥራቸዋል፣ አንዱ አለቃ የሚያደርገውን ሌላው አለቃ አያውቅም። አንድ ተንታኝ ምንም ስንጥቅ የሌለው፣ ከዳር እስከ ዳር የተወለወለ ሴራ ካቀረበልኝ መጠራጠር እጀምራለሁ። ግብፅ በአባይ ጉዳይ በኢትዮጵያ ላይ አታሴርም ብዬ አልከራከርም። ግን «ግብፅ ናት» ማለትና ቦሌ ላይ እንደተደረገው የማን ፓስፖርት፣ የየትኛው በረራ፣ የየትኛው ቤት ኪራይ እንደሆነ ማሳየት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። ልቦለዱ ውስጥ መርማሪውና አሸባሪው በግልጽ ይለያሉ። እዚህ በአዋጅ ቁጥር 652/2001 ዘመን «ሽብርተኛ» የሚለው ቃል ጋዜጠኛውም፣ ጦማሪውም፣ የፓርቲ አመራሩም ላይ ሲለጠፍ ኖሯል። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። ከዚያ በፊት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው እስረኛን ማሰቃየት ሽብር መሆኑንና መንግሥት ይህን ማድረጉን ፓርላማ ፊት ተናግረዋል። ስለዚህ የአማርኛ የሽብር ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ከፈረንጁ የከበደ ሥራ አለበት። አንባቢው መርማሪውንም ይፈራል። ይህ ድክመት አይመስለኝም። ከተጠቀሙበት ኢስታንቡልና ዙሪክ የማይሰጡት ውጥረት እዚያ ውስጥ አለ።

ወደ ቦሌ ልመለስ፤ መጨረሻውን አልነገርኳችሁም።

የተያዙት ሦስቱ አዲስ አበባ ላይ ተከሰው በ1989 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። ያመለጡት ሦስቱ ለኢትዮጵያ አልተሰጡም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተጀመረ። አዲስ አበባ በምዕራብ በኩል ሌላ ጠላት የምትፈልግበት ጊዜ አልነበረም፤ ከካርቱም ጋር መታረቅ ጀመረች። ካርቱምም የእስላማዊው ንቅናቄ መሪ የነበሩትን ሐሰን አል-ቱራቢን ከሥልጣን ገፋች። ቱራቢ የካቲት 2008 ዓ.ም. አረፉ። ከሞቱ በኋላ አልጀዚራ ቀደም ሲል ቀርጾት ያቆየውን ቃለ ምልልስ አስተላለፈ። እዚያ ላይ ስለ ቦሌው ጥቃት ሲጠየቁ የገዛ ምክትላቸውን አሊ ዑስማን ጣሃንና የያኔውን የደኅንነት ሹም ናፍዕ አሊ ናፍዕን በስም ጠሩ። ሰውየው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተጣልተው ነው የሞቱት። እውነት ይሁን ቂም፣ መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቃቸው የሚችል ጠበቃ የለም።

ማዕቀቡ ደግሞ የተነሣው ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ መስከረም 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ኒውዮርክ ላይ መንታዎቹ ሕንጻዎች ከፈረሱ 17ኛው ቀን። ፍርስራሹ ገና ይጨስ ነበር። 14 አገሮች ደገፉ፤ አሜሪካ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ይነሣላት ብለው ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ከጻፉት መካከል ሁለቱ ከሳሾች ነበሩ፤ ግብፅና ኢትዮጵያ።